«ትዝታ» እና ቀረጻዎቹ፦ መነሻ ቅጂ የሌለውን ዘፈን ስለ ማነጻጸር

(በቆቦ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዘፈን ነው። ዘፈኑን የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ የሚያስቸግረን ቀረጻዎቹን የምናነጻጽርበት መንገድ ነው። ተማሪዎቼ በሴሚናር ወረቀታቸው ላይ «የማሕሙድ ትዝታ ከጌታቸው ካሳ ትዝታ ይበልጣል»፣ «የአስቴር ከሁሉም ይልቃል» እያሉ ይጽፋሉ። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን «ይበልጣል» የሚለው ቃል ሚዛን ይፈልጋል። ሳናስተውለው የምንይዘው ሚዛን ደግሞ ለሌላ ዓይነት ዘፈን የተሠራ በመሆኑ ትዝታን በትክክል አይመዝንም።

ሚዛኑ የተሠራለትን ዘፈን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የአሜሪካ ጥቁሮች ሶል የሚሉትን ሙዚቃ እንውሰድ። «ሪስፔክት» የተሰኘውን ዘፈን ኦቲስ ሬዲንግ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1965 ቀረጸው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ አሬታ ፍራንክሊን ደግማ ዘፈነችው። በኦቲስ ቅጂ ክብርን የሚጠይቀው ወደ ቤቱ የሚመለስ ወንድ ነው፤ በአሬታ ቅጂ የምትጠይቀው ሴት ናት። በዚህ ላይ የቃሉን ፊደላት አንድ በአንድ የምትጠራበትን ዝነኛ ክፍል ጨመረችበት። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የእሷን ነው። ሆኖም አነጻጻሪው የሚቆምበት መሬት አለው። ደራሲው ይታወቃል፤ የመጀመሪያው ቀረጻ ይታወቃል፤ ዓመቱ ይታወቃል። ስለዚህ «ሁለተኛዋ ከመጀመሪያው ምን ወሰደች፣ ምን ተወች፣ ምን ጨመረች?» ብሎ መጠየቅና መልስ ማግኘት ይችላል።

ወደ ትዝታ ስንመጣ ግን የምንቆምበት መሬት ይከዳናል። ትዝታ ደራሲ የለውም። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቀረጻ ራሱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አስቆጥሯል፤ ይሁንና በዚህ ሁሉ ዘመን ከተቀረጹት መካከል አንዱን አንስተን «ዋናው ይህ ነው፣ ሌሎቹ የእርሱ ቅጂዎች ናቸው» ልንል አንችልም። እያንዳንዱ ቀረጻ ዋና ነው፤ ወይም፣ ከፈለጋችሁ፣ እያንዳንዱ ቅጂ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። ከአሁን በኋላ የማነሳቸውን ድምጻውያን በኪነ ጥበብ ጽሑፍ ልማድ «እሱ» እና «እሷ» እያልሁ እጠራቸዋለሁ። በቤቴ ቢመጡልኝ አንቱ ብዬ እንደምቀበላቸው ይታወቅልኝ።

ትዝታ የሚለው ቃል በሙዚቃችን ውስጥ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይጠራል። አንደኛ ስሜቱን ይጠራል፤ የራቀ ሰው፣ ያለፈ ጊዜ፣ የተለየ ቦታ ወደ ልብ ሲመለስ የሚፈጥረውን። ሁለተኛ ቅኝቱን ይጠራል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የተባሉት አምስት ድምፆች ናቸው፤ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። በዚህ ቅኝት የተሠሩ ስለ ትዝታ አንድም ቃል የማይናገሩ በመቶ የሚቆጠሩ ዘፈኖች አሉ። ሦስተኛው ራሱ ዘፈኑ ነው፤ በዚሁ ቅኝት የሚንጎራጎረው፣ ስሙን ከስሜቱ የወሰደው። ተማሪ ሲያነጻጽር ሦስቱን ካልለየ ወረቀቱ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይበላሻል።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአንድነት የወሎ ቅኝቶች ሲባሉ እንሰማለን። እኔም ወሎዬ ነኝና ሲባል ደስ ይለኛል። ነገር ግን የስሞቹን ጠባይ ተመልከቱ። አምባሰል የቦታ ስም ነው፤ ባቲም የገበያ ከተማ ስም ናት። ትዝታ ግን አድራሻ የለውም። የወሎ ነው የምንለው በትውፊትና በጉርብትና ነው፤ ስሙ ራሱ አይመሰክርልንም። አድራሻ የሌለው መሆኑ ለዛሬው ጉዳያችን ይጠቅመናል፤ ማንም በየትም ሆኖ «የእኔ» ብሎ ሊዘፍነው የቻለው በዚህም ምክንያት ጭምር ይመስለኛልና።

የዘፈኑ አሠራርም እንዲሁ ነው። ትዝታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተወሰነ ግጥም የለውም። ያለው የስንኝ ጎተራ ነው። ብዙዎቹ ስንኞች በየወል ቤት፣ ማለትም ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች የተመቱ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ቤት የሚመቱ ናቸው። ዘፋኙ ከዚህ ጎተራ ይዘግናል። የቆየውን ይወስዳል፣ ሌላ ዘፋኝ የተናገረውን ያዛውራል፣ የራሱን ይጨምራል። ትዝታን እንደ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ ያናግረዋል፤ ይወቅሰዋል፤ እንዲሄድለት ይለምነዋል፤ ከሄደ ደግሞ እንዲመለስ። ወንድ ሲዘፍን ትዝታ ብዙ ጊዜ «አንቺ» ትሆናለች፣ ሴት ስትዘፍን «አንተ» ይሆናል፤ ትዝታው የተናፋቂውን ጾታ ይወርሳል ማለት ነው። ይህን ጾታ በየቀረጻው መከታተል ብቻውን ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል፤ የሚደፍር ተማሪ ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው።

እንግዲህ መነሻ ቅጂም ሆነ የረጋ ግጥም ከሌለ ምን እናነጻጽራለን? የእኔ መልስ ይህ ነው። የዘፋኙን ምርጫና ምርጫውን የወሰነውን ዕቃ እናነጻጽራለን። ዕቃ ስል መሣሪያውን፣ መቅረጫውንና መሸጫውን ማለቴ ነው፤ ክራሩን፣ ባንዱን፣ ሸክላውን፣ ካሴቱን። ከሁሉም በላይ ደግሞ እነዚህ ለዘፋኙ የሰጡትን ወይም የነፈጉትን ጊዜ።

ከክራር እንጀምር። የካሳ ተሰማን ትዝታ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ክራር። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክሮች አሉት፤ ለአንድ ቅኝት ከተቃኘ በኋላ ከዚያ ቅኝት ውጭ የሆነ ድምፅ በባዶ ክር ላይ አይገኝም። ስለዚህ ተጫዋቹ በአምስቱ ድምፆች ግቢ ውስጥ ይኖራል። ልዩነት የሚፈጥረው ድምፅ በመጨመር ሳይሆን በማዘግየት፣ በማስቀደም፣ ክሩን አፍኖ በመልቀቅ ነው። ዘፋኙና አጃቢው አንድ ሰው ስለሆነም ስንኙ ሲረዝም ክራሩ ይጠብቃል፤ ትንፋሽ ሲያጥር ክራሩ ይሞላል። ምቱ የሰዓት ሳይሆን የትንፋሽ ነው። በዛወርቅ አስፋው በክራር የምታንጎራጉረው ትዝታም በዚህ ወገን ይመደባል። በእሷ ዘንድ ግን የስንኙ መጨረሻ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ቃሉ አልቆ ድምፁ የሚቀጥልበት ያ ቦታ ለእኔ የዘፈኑ እምብርት ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባና ወደ 1960ዎቹ መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፣ እንለፍ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ያሠለጠኗቸው የነፋስ መሣሪያ ተጫዋቾች ነበሩ፤ በሬዲዮና በሸክላ የሚገባው የአሜሪካ ሶል ደግሞ ወጣቱን ማርኮት ነበር። በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ የነበረውን የሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ደፍሮ ጣሰና በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የፊሊፕስና የካይፋ ሸክላዎችም በዚያ ዘመን ገበያውን ሞሉት። ከባንዶቹ አንዱ ስሙን ራሱን ከሶል ወስዶ «ሶል ኤኮስ» ተባለ። ሰይፉ ዮሐንስ ትዝታን የቀረጸው ከዚህ ባንድ ጋር ነው። የእኛም ሰፈር ከዚያ ማዕበል ውጭ አልነበረም፤ ከወልድያ የተነሳው አያሌው መስፍን ከጥቁር አንበሳ ባንድ ጋር የሠራቸው ሥራዎች ከ2018 ወዲህ በአሜሪካ ዳግም ታትመው ዓለም እያደመጣቸው ነው።

የሰይፉን ትዝታ ከካሳ ቀጥላችሁ ብታዳምጡት መጀመሪያ የሚሰማችሁ የሳክስፎኑና የጊታሩ አዲስነት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው ለውጥ ግን ሌላ ነው፤ ምቱ ከዘፋኙ እጅ ወጥቷል። ባንድ ሲኖር ድራምና ቤዝ ጊታር ምቱን ይይዛሉ፤ ዘፋኙ ትንፋሹን ከእነሱ ጋር ማስማማት አለበት። በክራር ጊዜ አጃቢው ዘፋኙን ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ዘፋኙ አጃቢውን ይጠብቃል። ይህ ውርደት አይደለም። ሶል የተባለው ሙዚቃ ኃይሉን የሚያገኘው ቀጥ ብሎ በሚሄድ ምት ላይ ዘፋኙ ወደ ኋላ ሲጎትት ነው፤ ሰይፉም ይህን ያውቃል።

በዚህ ላይ የሸክላው ጊዜ አለ። ባለ 45 ዙር ትንሿ ሸክላ በአንድ ፊቷ የምትይዘው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚሆን ድምፅ ነው። በአዝማሪ ቤት ግማሽ ሌሊት የሚወስድ እንጉርጉሮ እዚህ ሲገባ ከጎተራው የሚዘገነው ጥቂት ስንኝ ብቻ ነው። የትኞቹ? የመጀመሪያው ስንኝ የግድ አድማጩን መያዝ አለበት፤ የመጨረሻው መዝጊያ መምሰል አለበት። ጫፍ ያልነበረው ዘፈን ጫፍ አገኘ። ዛሬ ብዙዎቻችን «የትዝታ ግጥም» ብለን በቃላችን የያዝነው ስንኝ በከፊል ሸክላው የመረጠልን ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ለማነጻጸር ትምህርት ከሁሉ የሚሻለው ግን የጌታቸው ካሳ ሥራ ነው። ጌታቸው ትዝታን ሁለት ጊዜ ቀረጸው፤ አንዱን ዝግተኛ፣ ሌላውን ፈጣን ብሎ። ዘፋኙ አንድ፣ ዘፈኑ አንድ፣ ዘመኑ አንድ፤ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። አንድ የሳይንስ መምህር ለሙከራ እንዲህ አድርጋችሁ አዘጋጁልኝ ቢል ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በዝግተኛው ውስጥ እያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻው ላይ ይዘገያል፤ አድማጩ ቀጣዩ ቃል ከመምጣቱ በፊት ያለፈውን የሚያሰላስልበት ክፍተት አለ። ሐዘኑ በቃሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በዚያ ክፍተት ውስጥም ይኖራል። በፈጣኑ ክፍተቱ ይጠባል። ምቱ እግርን ያነሳል፤ የስንኙ ጅራት ይቆረጣል፤ አድማጩ የሚያጨበጭብበት ቦታ ያገኛል። ያው የናፍቆት ቃል ነው፤ አሁን ግን በሰው መካከል፣ በጭፈራ ውስጥ ይናገራል።

ተማሪዎች ፈጣኑን ሲሰሙ «ይህ ትዝታ አይደለም» ይላሉ። እኔ አልስማማም። በዚህ በራያ ቆላ ያደገ ሰው ሐዘንና ጭፈራ ተቃራኒ አለመሆናቸውን ያውቃል። የራያ ጨዋታ ትከሻና ጉልበት የሚጠይቅ ፈጣን ጨዋታ ነው፤ በዚያ ፍጥነት ውስጥ የሚነገረው ግጥም ግን ስለ ሞተ ጓደኛ፣ ስለ ሄደች ልጅ፣ ስለ ጠፋ ዝናብ ሊሆን ይችላል። በነሐሴ አጋማሽ ሶለል ሲደርስ ልጃገረዶቻችን ከበሮ እየመቱ የሚሉትን ቃል በጥሞና ያዳመጠ ይህን አይክድም። ትዝታ ቀርፋፋ መሆን አለበት የሚለው ሕግ ከአድማጭ ልማድ እንጂ ከዘፈኑ የመጣ አይደለም፤ ጌታቸው ይህን በሁለት ቀረጻ አሳይቶናል።

ማሕሙድ አህመድ ደግሞ ሌላውን መንገድ ያዘ። በ1970ዎቹ የቀረጸው ረጅሙ ትዝታ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በ45 ሸክላ አንድ ፊት ሊገባ አይችልም፤ ትልቁን ሸክላ ይፈልጋል፣ የአንድ ፊቱ ጊዜ ወደ ሃያ ደቂቃ የሚደርሰውን። ትልቁ ሸክላ ከአዝማሪ ቤት የተወሰደውን ጊዜ በከፊል መለሰው። ባንዱ አንድን ዑደት ደጋግሞ ይዞራል፤ ማሕሙድ በዑደቱ ላይ ስንኝ ያወጣል፣ ያርፋል፣ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች አድማጩ ዘፈን ይሰማል። ከሰባተኛው ደቂቃ በኋላ ግን የት እንደ ጀመረ ይዘነጋል፤ መሣሪያዎቹ እንደ ክፍል ግድግዳ ይሆናሉ፣ ድምፁ በክፍሉ ውስጥ እንደሚመላለስ ሰው። የረጅሙን ትዝታ ምስጢር ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ማሳጠሪያውን ሳይሆን ሙሉውን ማዳመጥ አለበት። በስልካችሁ ላይ ሁለት ደቂቃ ሰምታችሁ ስታልፉት ስለ ማሕሙድ ምንም አልሰማችሁም።

ሙላቱ አስታጥቄ ቃሉን ጨርሶ አወጣው። በመሣሪያ ብቻ የተሠራው የሙላቱ ትዝታ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአምሃ ሪከርድስ ታትሞ፣ በ1998 በፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በሚወጣው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ውስጥ ዳግም ታትሟል። ስንኝ የለም፤ «አንቺ» ወይም «አንተ» የለም፤ ዜማውን ሳክስፎን ይዞታል። ሙላቱ በአሜሪካ ጃዝ ያጠና ባለሙያ ነው፤ ጥያቄውም የአምስቱን ድምፅ ጠባይ ሳያጠፋ ከአሥራ ሁለቱ ድምፅ ስምምነት ጋር ማኖር ነበር። ተሳክቶለታል። ይሁንና እዚህ ላይ የምታዘበው አለኝ። አማርኛ የማይሰማ የውጭ አድማጭ ትዝታን በአብዛኛው የሚያውቀው በዚህ ቃል አልባ መልኩ ነው። ስለዚህ የጎተራው ስንኝ፣ ሰሙና ወርቁ፣ ወቀሳውና ልመናው ተረስቶ ትዝታ ማለት አንድ ዓይነት ጭጋጋማ ስሜት እንደ ሆነ ይጻፋል። የተከታታዩ አሥረኛ ቅጽ ራሱ በ2002 ሲወጣ ትዝታን የኢትዮጵያ ብሉዝ ብሎ አስተዋወቀው። ለገበያ ይጠቅም ይሆናል። እኛ በክፍል ውስጥ ስንደግመው ግን ስያሜው መልስ ይመስልና ጥያቄውን ይዘጋብናል።

አስቴር አወቀ ትዝታን «አስቴር» በተሰኘው አልበሟ ውስጥ አካታ በ1989 ስታወጣ ነዋሪነቷ በዋሽንግተን ነበር፤ አሳታሚው ደግሞ የለንደን ኩባንያ። በዚያን ጊዜ ከአብዮቱ ሸሽቶ በሱዳን በኩል የወጣው፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የተበተነው ሕዝብ ብዙ ነበር። በአስቴር ቅጂ ውስጥ የተናፈቀው ማን ነው? ቃሉ ስለ ፍቅረኛ ይናገራል። አድማጩ ግን በዚያ ጆሮ አልሰማውም፤ እናት ሰማ፣ ሰፈር ሰማ፣ አገር ሰማ። ቃል ሳይለወጥ የተናፋቂው ማንነት ተለወጠ። ቀደም ሲል አሬታ ስትዘፍነው ተናጋሪው ተለወጠ ብለን ነበር፤ እዚህ የተለወጠው አድማጩ ነው። ስለዚህ ቀረጻ ስናነጻጽር በስቱዲዮው ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን ካሴቱ የደረሰበትን ቤትም መጠየቅ አለብን።

ይህ ጥያቄ ወደ ቆቦ ያመጣናል፤ እነዚህ ቀረጻዎች እኛ ዘንድ እንዴት ደረሱ? ሸክላ ማጫወቻ የነበረው ቤት እዚህ ጥቂት ነው። የሸክላ ሕትመት በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲቆም ቦታውን የያዘው ካሴት ነው፤ ቆቦን ከወልድያና ከአላማጣ የሚያገናኘው ዋና መንገድ ደግሞ የካሴቱ መንገድ ሆነ። የእኔ ትውልድ ትዝታን የተማረው ከመኪና ሾፌሮች ነው። የጭነት መኪናው ለምሳ ሲቆም ቴፑ አይዘጋም ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ድምፅ በቡና ቤቱ በር ገብቶ ይቀር ነበር። ካሴት ከካሴት ይገለበጣል፤ የተገለበጠው ዳግም ይገለበጣል። በአራተኛው ግልባጭ ላይ የሚሰማው ሹክሹክታ መሰል ጩኸት ራሱ የትዝታው አካል እስኪመስለን ድረስ ለመድነው።

ከዚያ በፊት ግን እዚህ ትዝታ አልነበረም ማለት አይደለም። በመስከረምና በጥቅምት ማሽላው ሲያሸት ወፍ ጠባቂው ማማ ላይ ይወጣል። ወንጭፉን በእጁ ይዞ፣ ጀርባውን ለዞብል ተራራ ሰጥቶ፣ ከንጋት እስከ ማታ ያንጎራጉራል። ማማ ላይ ሦስት ደቂቃ የሚባል ነገር የለም። ባንድ የለም፤ ክራርም አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስንኙ በወንጭፍ ጩኸት ይቋረጣል፣ ከቀጣዩ ማሳ ሌላ ጠባቂ ይቀበለዋል፣ አንዳንዴም ይመልስለታል። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ በሚገናኙበት በዚህ ቆላ ዜማው አንድ ሆኖ ቃሉ የሚቀላቀልበት ጊዜም አለ። ይህን እንጉርጉሮ ከሰማሁባቸው ማሳዎች በአንዱም መቅረጸ ድምፅ ይዞ የቆመ ሰው አላየሁም።

አሁን ደግሞ በጥር ወር የሚደረግ ሠርግ አስቡ። በድንኳኑ ውስጥ አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና አንድ ድምጻዊ አሉ። ትዝታ ሲጠየቁ ይጫወታሉ፤ የሚጫወቱት ግን ማሕሙድን ወይም አስቴርን ነው። ስንኙ የእነዚያ ነው፤ ቅደም ተከተሉ የእነዚያ ነው፤ ዘፋኙ የሚያርፍበት ቦታ እንኳ የእነዚያ ነው። ኪቦርዱ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቃኘ ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ሦስተኛውን ድምፅ በሜጀርና በማይነር መካከል ሊያኖረው ይችላል፤ ኪቦርድ ይህን ቦታ አያውቀውም። ወጣቱ ዘፋኝ ጆሮውን የሚያሠለጥነው በኪቦርዱ ስለ ሆነ በአያቱ ጉሮሮ የነበረው መካከለኛ ድምፅ ለእሱ «የተሳሳተ» ሆኖ ይሰማዋል። አንድ ተማሪዬ የአያቱን እንጉርጉሮ በስልኩ ቀርጾ አምጥቶልኝ «ይቅርታ፣ ቅኝቱን ትንሽ ስተውታል» አለኝ። አልሳቱትም። እሱ በሌላ ሚዛን ይለካቸው ነበር።

በኪቦርድ ላይ የምፈርድ እንዳይመስላችሁ። ኪቦርዱ ርካሽ ነው፣ አንድ ሰው ይሸከመዋል፣ ሠርግም ያለ ሙዚቃ አይሆንም። ነገር ግን መነሻ ቅጂ ያልነበረው ዘፈን አሁን መነሻ ቅጂ እያገኘ ነው። የማሕሙድ ወይም የአስቴር ትዝታ «ዋናው» ሆኖ፣ የእኛ ሰው የሚዘፍነው «ቅጂ» እየሆነ ነው። በሶል ዓለም ተፈጥሯዊ የሆነው የመነሻና የቅጂ ግንኙነት ሳይጠራ ወደ እኛ ገብቷል። ታላላቆቹ ድምጻውያን ይህን አልፈለጉም፤ እነሱ ከጎተራው እየዘገኑ ነበር። እኛ ግን የእነሱን እፍኝ ጎተራ አደረግነው።

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነቱ በዚህ ከተማ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ አልፏል። የሞቱብን ሰዎች አሉ፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን እንደ ጎደለበት እያንዳንዳችን እናውቃለን። ከቤት የወጣው ንብረት ሲመዘገብ ከብት፣ እህል፣ ፍራሽ፣ ቴሌቪዥን ይጻፋል። ካሴትና የስልክ ካርድ የሚያስመዘግብ የለም። አያትህ በአንድ ሠርግ ላይ ያንጎራጎሩት ሁለት ደቂቃ በዚያ ካርድ ላይ ከነበረ ግን ያ ቀረጻ ከጠቀስኋቸው ሁሉ ጋር እኩል ሊነጻጸር የሚገባው ነበር። አሁን የለም፤ አንጎራጓሪውም ላይኖሩ ይችላሉ። ትዝታ ስለ ጎደለ ነገር የሚዘፈን ዘፈን ነው፤ ስለ ዘፈኑ የምናደርገው ጥናት ደግሞ ራሱ ጎዶሎ ሆኖብናል።

ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር ከተማሪዎቼ የምጠብቀው የንጽጽር ወረቀት እስካሁን ከለመድነው ይለያል። ከታወቁት ቀረጻዎች ሁለት ምረጡ፤ ጌታቸውን ከሁለት ፍጥነቱ ጋር የሚመርጥ ደስ ይለኛል። ሦስተኛውን ግን ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ አምጡ። የአንጎራጓሪውን ፈቃድ ጠይቁ፤ ስማቸው እንዲገለጽ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስንኞቹን ከማን እንደ ሰሙ መዝግቡ። «አጭር ያድርጉልኝ» አትበሉ፤ የስልካችሁ ማኅደር ቢሞላ ሌላ ነገር አጥፉ። መካከል ላይ ቢያስሉ፣ ከውሻ ጋር ቢነጋገሩ፣ ቡና ቢቀርብ አታቋርጡ። ከዚያ ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ የመጀመሪያው ስንኝ ከመምጣቱ በፊት ስንት ጊዜ አለፈ? ስንኙ ሲያልቅ ድምፁ የት ድረስ ሄደ? ማን ማንን ይጠብቃል? ትዝታ «አንተ» ነው ወይስ «አንቺ»?

ከሽማግሌ ዘንድ ክራር ካለም ዘፈኑ እስኪጀመር አትጠብቁ። ክራሩን ሲያነሱ፣ ገና ክሩን ሲያጠብቁና ሲያላሉ መቅጃውን ክፈቱ። ለቅኝቱ የሚያረጋግጥልን ማስረጃ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ጆሯቸው «አሁን ልክ ሆነ» ብሎ የሚቆምበትን ድምፅ ከዘፈኑ ይልቅ በመቃኘቱ ጊዜ ጥርት ብሎ እናገኘዋለን፣ በኋላም በመለኪያ ልንለካው እንችላለን።

ለጥያቄ ጊዜ እንዲኖረን እዚህ ላይ ላቁም።